ጡት ማስቀነስን ከውበት ገጽ ወደ ጤና ገጽ አዙሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው ሰሞን በውበት ገጻችሁ ላይ ስለ ቦቶክስና ከንፈር ስለማስሞላት ስትጽፉ ጡት ማስቀነስንም እዛው ውስጥ ደባልቃችሁት አየሁ፣ አንድ ሁለት መስመር ነው የሰጣችሁት፣ እሱም ስለ ቅርጽና ስለ ቁመና ብቻ ነው። ጋዜጣችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ስለዚ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ይሄን ኦፕራሲዮን የተደረግኩ ሴት ነኝ፣ እዚ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ስራዬ ደሞ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን ከአልጋ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ ነው። ወሬው በማህበርም በቤተክርስቲያንም ከተሰማ በኋላ ሴቶች በድብቅ እየደወሉ ይጠይቁኛል፣ ሁሉም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፣ አንዳንዷ ቤተሰቧ እንዳይሰማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነው የምትደውለው። የሚጠይቁኝ ደሞ ስለ ቁንጅና አይደለም፣ ያማል ወይ፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል ወይ፣ ልጅ ማጥባት ይቀራል ወይ፣ ጠባሳው እንዴት ነው፣ ስራ መቼ ይገባል ነው። ለየአንዳንዷ በስልክ ከምመልስ ጽፌ እናንተ ብታወጡልኝ ይሻላል ብዬ ነው፣ ይረዝማል፣ ቦታ ከጠበባችሁ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ማጥባት ያለውን ግን እባካችሁ እንዳትቆርጡት።

መጀመሪያ ችግሩን ያላየ ሰው እንዲገባው። ትልቅ ጡት ያላት ሴት ቀኑን ሙሉ የማታወርደው ሸክም ነው ደረቷ ላይ ያለው። ማጅራት ያማል፣ ትከሻ ያማል፣ የጀርባ የላይኛው ክፍል ያማል፣ የጡት ማስያዣው ማንገቻ ትከሻ ላይ ጎድጉዶ ገብቶ ምልክቱ አይጠፋም፣ አንዳንዷ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ራስ ምታት አይለያትም። ከጡት ስር ደሞ ላብ ተጠራቅሞ ይሽፋል፣ ያሳክካል፣ ይልጣል፣ ይሸታል፣ ይሄን ለሃኪም እንኳን መናገር የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ሙቀት ባለበት አገር ያሉ እህቶቻችን፣ ዱባይና ጅዳ ቤት ውስጥ ቆመው የሚውሉት፣ ከማንም በላይ ያውቁታል። መሮጥ የለም፣ በሆድ መተኛት የለም፣ በሁዳዴ ስግደት ስትሰግጂ ወገብሽና አንገትሽ እኩል ነው የሚጮኹት። ገና በአስራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ከሆነች ደሞ ትከሻዋን ወደፊት አጥፋ ነው የምትሄደው፣ እዚ አሜሪካ በሐምሌ ሙቀት ሹራብ ለብሳ ታያታለህ፣ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሁሌ ታማለች፣ እና ቤተሰብ ልጅቷ ዓይን አፋር ናት ይላል።

ክብደት ቀንሺ ይላሉ ሁሉም። እውነት ነው፣ ጡት ውስጥ ስብ ስላለ አንዳንዷ ስትከሳ ይቀንስላታል፣ ሌላዋ ግን አብዛኛው ወተት የሚሰራው እጢ ስለሆነ ፊቷና ዳሌዋ ሟሙቶ ጡቷ ግን እንዳለ ነው የሚቀረው። ደሞ ደረቷ እየከበዳት እንዴት አድርጋ ነው ስፖርት የምትሰራው? እኔ ክብደት መቀነስን አልቃወምም፣ ለኦፕራሲዮኑም ይጠቅማል፣ ክብደትሽ ተረጋግቶ ቢሆን ውጤቱም ይቆያል፣ በኋላ በጣም ብትወፍሪ ወይ ብታረግዢ ጡትሽ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ግን ለታመመ ሰው ክብደት ቀንሽና ነይ ብሎ ብቻ መሸኘት መልስ አይደለም።

ኦፕራሲዮኑ ምንድነው? የሚሰራው የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሰጠው፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፣ አብዛኛዋ በዛው ቀን ቤቷ ትገባለች፣ አንዳንዷ አንድ ሌሊት ታድራለች። ከጡቱ ውስጥ እጢም ስብም ቆዳም ይወጣል፣ የቀረው ተሰብስቦ ወደላይ ይነሳል። ብዙ ሰው የጡት ጫፍ ተቆርጦ ወጥቶ እንደገና የሚሰፋ ይመስለዋል፣ በተለመደው አሰራር ግን ጫፉ ከስሩ ካለው ስጋ፣ ደም ስርና ነርቭ ጋር እንደተያያዘ ነው ወደላይ የሚወሰደው። በጣም በጣም ትልቅ ለሆነ ጡት ወይም የደም ዝውውሩ ለሚያሰጋ ሰው ብቻ ነው ጫፉን አንስቶ እንደ ቆዳ የሚተክሉት፣ እንደዛ ከሆነ ስሜቱም ማጥባቱም ይቀራል፣ ስለዚ የትኛውን እንደሚያደርግልሽ ቀድመሽ ጠይቂ። ጠባሳው እንደ አሰራሩ ይለያያል፣ በብዛት የሚታወቀው በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ዞሮ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከጡት ስር ባለው እጥፋት ላይ በአግድም የሚሄደው ነው፣ የመልህቅ ቅርጽ አለው፣ ይሄን ንድፍ ሮበርት ዋይዝ የሚባል ሃኪም በ1956 ነው ያወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እና እስካሁን ይሰራበታል። የአግድሙ መስመር የሌለው፣ ዙሪያውንና ቁልቁሉን ብቻ የሚቆረጥም አለ፣ መጠኑ መካከለኛ ለሆነ ጡት ይመረጣል። ስብ በመምጠጥ ብቻ ማሳነስም አለ፣ ጠባሳው ትንሽ ነው ግን የወረደውን ጡት አያነሳም፣ ጡቷ እጢ ለበዛባት ደሞ ብዙም አይሰራም።

ስለ መጠን ስታወሩ የጡት ማስያዣ ቁጥር አትጥሩ። ዲ ነው፣ ሲ ነው የሚባለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ሰርጀኑም ይሄን ቁጥር አደርግልሻለሁ ብሎ ቃል ሊገባ አይችልም። እሱ የሚያስበው በግራም ነው፣ ከዚ ጎን ስንት ግራም ከዛ ጎን ስንት ግራም። ደሞ ደስ ያለሽን ያክል አሳንስልኝ ማለት አይቻልም፣ ለጡቱ ጫፍ ደም የሚያደርሰው ስጋ መቅረት አለበት። እኔ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ፣ ፎቶዎች ይዤ ሄጄ ይሄ ይሆነኛል፣ ይሄ አይሆነኝም አልኩት፣ ትልቅ ሆኖ ከሚቀር ትንሽ ቢያንስ እመርጣለሁ ብዬም በግልጽ ነገርኩት። ይሄን ሳትነግሪው ማደንዘዣ ከገባሽ በኋላ የሚወስንልሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ፣ እዚ አሜሪካ ላለን ሰዎች ዋናው ጣጣ እሱ ነው። ኢንሹራንሶች ሁለት ነገር ነው የሚለዩት፣ ለውበት ነው ወይስ ለሕክምና። ለውበት ከሆነ አንድ ሳንቲም አይከፍሉም፣ ለሕክምና መሆኑ ከተረጋገጠ ብዙዎቹ ይከፍላሉ። እንዴት ይረጋገጣል? አንደኛው በግራም ነው። አንዳንዱ ኢንሹራንስ ከእያንዳንዱ ጡት ቢያንስ 500 ግራም መውጣት አለበት ይላል፣ ሌላው ደሞ የሽኑር ሰንጠረዥ የሚባለውን ይጠቀማል፣ ዶክተር ሽኑርና ባልደረቦቹ በ1991 ያወጡት ነው። ሰንጠረዡ ከቁመትሽና ከክብደትሽ ተነስቶ የሰውነትሽን ስፋት በካሬ ሜትር ያሰላና ካንቺ ስንት ግራም መውጣት እንዳለበት ይናገራል፣ ለምሳሌ ስፋቷ 1.60 የሆነ ሴት 310 ግራም አካባቢ ከአንድ ጎን ይበቃታል፣ 2.00 የሆነች ግን 628 ትባላለች። ይሄ ለኛ ለሐበሾች ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ብዙዎቻችን አጥንታችን ቀጭን ነው፣ በ500ው መለኪያ የምትወድቅ ቀጭን ሴት በሰንጠረዡ ልታልፍ ትችላለች፣ ስለዚ ኢንሹራንስሽ በየትኛው እንደሚለካ ደውለሽ ፖሊሲውን በጽሁፍ ላኩልኝ በይ፣ የመላክ ግዴታ አለባቸው። በነገራችን ላይ ሰንጠረዡ በራሱ ፍትሃዊ ነው ብዬ አላምንም፣ ሕመም በግራም አይለካም፣ ትንሽ ስጋ ወጥቶላቸው ትልቅ እፎይታ ያገኙ ሴቶች አሉ፣ ግን እስኪቀየር ድረስ የምንጫወተው በነሱ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ያልተጻፈ ሕመም ለኢንሹራንስ የለም ማለት ነው። ለዓመታት ሲያምሽ ኖረሽ ለዶክተርሽ አንድም ቀን ሳትናገሪ ድንገት ኦፕራሲዮን ልደረግ ብትይ ማስረጃሽ ባዶ ነው። ስለዚ ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ለመደበኛ ምርመራ ስትሄጂ ትከሻዬን ያመኛል፣ ማጅራቴን ያመኛል፣ ከጡቴ ስር ይሽፋል በይና ይጻፍልኝ በይ። ሽፍታው ሲወጣ ለሃኪም አሳዪ፣ ቅባት ይዘዝልሽ፣ ቅባቱ ቢያድንሽም ተመልሶ ሲመጣ እንደገና አሳዪ። ፊዚዮቴራፒ ሂጂ፣ ብዙዎቹ ኢንሹራንሶች ከ3 እስከ 6 ወር ሌላ ሕክምና ሞክራ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ደህና ደጋፊ ጡት ማስያዣ መሞከርሽም ይጻፍ። ሰርጀኑ ፎቶ ያነሳሻል፣ ከአንገት በታች ነው፣ ፊትሽ አይታይም፣ እሱም አብሮ ይላካል። እኔ የራሴን አውቃለሁ፣ መጀመሪያ አይቻልም የሚል ደብዳቤ ነው የመጣልኝ፣ እና እዛ ጋ ነው ብዙ ሴት ተስፋ ቆርጣ የምትተወው። አትተዉት! የግል ኢንሹራንስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለሽ ይግባኝ ለማለት፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግስት የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ከዛ ያጠረ ስለሆነ ቀኑን ደብዳቤው ላይ እዪ። ሰርጀንሽ ራሱ ከኢንሹራንሱ ሃኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር ጠይቂ፣ ከዛም በኋላ እምቢ ካሉ ከኢንሹራንሱ ውጪ ባለ ገለልተኛ አካል ይታይልኝ የማለት መብት አለሽ፣ ለሱ ደሞ 4 ወር አለሽ።

እንግሊዝኛው የሚከብዳት ካለች ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ይዛ አትሂድ። ልጅ ስለ እናቱ ጡት ምን ብሎ ያስተርጉም፣ እናትስ በልጇ ፊት ከስሩ ቆስሏል ብላ እንዴት ትናገር። ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ ሴት አስተርጓሚ ብለሽ መጠየቅም ትችያለሽ፣ በአካል ባይገኝ በስልክ ወይ በቪዲዮ ያገናኙሻል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ደሞ፣ በካንሰር ምክንያት አንዱ ጡቷ የወጣላት ሴት፣ ኢንሹራንሷ ለጡት ማውጣቱ የሚከፍል ከሆነ የወጣውን መልሶ ለመስራት ብቻ ሳይሆን የቀረውን ጤነኛ ጡት አሳንሶ እኩል ለማድረግም እንዲከፍል በ1998 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ያስገድደዋል። እዛ ላይ የግራም ክርክር ውስጥ መግባት የለባትም። ይሄን ሳያውቁ አንድ ጎናቸው ከብዶ፣ ወገባቸው ተጣሞ የሚኖሩ እናቶች ስላሉ ነው እዚ የጻፍኩት።

አገር ቤት ላላችሁ። የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሃኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በብዛት አዲስ አበባ ነው፣ እንደ የካቲት 12 ያለው ሆስፒታል ደሞ በእሳትና በፈላ ውሃ የተቃጠሉ ሰዎችን፣ ሕጻናትን ጭምር፣ የሚያክም ስለሆነ ወረፋው ለምን እንደሚረዝም መገመት አይከብድም። በግል ስትሄዱ ግን ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት ይሄን ነው፣ ሃኪሙ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ነው ወይ፣ ይሄን ኦፕራሲዮን በየጊዜው ይሰራል ወይ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ማነው፣ ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል፣ ሌሊት ብደማ ማን ስልክ ያነሳል። ሳሎን ውስጥ ያለ ውበት ባለሙያ ወይ በክሬምና በመርፌ ጡት አሳንሳለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ፣ ጡት የሚያሳንስ ክሬም የለም።

ወደ ቱርክ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ የሚሄዱም አሉ፣ ሆቴልና ትራንስፖርት ተጠቃልሎ በርካሽ ይሸጣል። ጎበዝ ሃኪም እዛም አለ፣ እሱን አልክድም። ችግሩ ስፌት የሚከፈተውም ኢንፌክሽን የሚመጣውም ብዙ ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው፣ ያኔ አንቺ አውሮፕላን ላይ ወይ ቤትሽ ነሽ፣ የሰራልሽ ሃኪም ደሞ የለም፣ እዚ ያለው ሃኪም ሌላ ሰው የቆረጠውን መንካት አይፈልግም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ወዲያው ረጅም በረራ ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፣ ያ ደሞ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ካልቀረ መመለሻሽን አታጣድፊ፣ የኦፕራሲዮኑን ዝርዝር ወረቀት በእንግሊዝኛ ተቀበዪ፣ ሆድም ጡትም ዳሌም በአንድ ቀን እንስራልሽ ሲሉሽ እሺ አትበዪ።

ጉዳቱን ሳልደብቅ ልናገር። በጣም የተለመደው የስፌቱ መገናኛ ላይ፣ ቀጥታው መስመር ከአግድሙ ጋር የሚገናኝበት ጋ፣ ትንሽ መከፈት ነው፣ ያስፈራል ግን በፋሻና በትዕግስት ይድናል። ጡቶቹ ልክ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የጫፉ ስሜት ሊደነዝዝ ይችላል፣ ለአንዳንዷ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ ለአንዳንዷ አይመለስም። ደም ሳይደርሰው ቀርቶ ጫፉ የሚሞትበት ጊዜም አለ፣ በጣም ጥቂት ነው ግን አለ፣ የምታጨስ ሴት ላይ አደጋው ይጨምራል፣ ሺሻም ሲጋራ ነው፣ የኒኮቲን ማስቲካም ቢሆን ኒኮቲን ነው፣ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ማቆም አለባት፣ ለሃኪሙም መዋሸት የለባትም። ስኳር ያለባት መጀመሪያ ስኳሯን ታስተካክል። ውስጥ ያለ ስብ ደርቆ እንደ እብጠት ጠጠር የሚልበት ጊዜ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም ግን መታየት አለበት።

ኪሎይድን ለብቻው ልናገረው ምክንያቱም ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ ጠባሳ የማበጡ ነገር እኛ ላይ ይበዛል። ጆሮሽን ስትበሺ ያበጠብሽ፣ የክትባት ምልክትሽ ወይ የድሮ ቁስልሽ ተነስቶ የቀረ፣ እናትሽ ወይ እህትሽ እንደዛ ያላት ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ አሳዪው። ኦፕራሲዮኑ ይቀራል ማለት አይደለም፣ ግን ሃኪሙ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ሲሊኮን ፕላስተር አለ፣ ማበጥ ሲጀምር የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሰራው። ጠባሳ ደሞ መጀመሪያ ወራት ላይ ይጠቁራል ይወፍራል፣ ለመርጋት አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ በሶስተኛው ወር አይታችሁ አታልቅሱ።

ማጥባትን በተመለከተ፣ ከወጣቶቹ ሁሉ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ከእናቶቻቸው ደሞ የበለጠ። እውነቱ መሀል ላይ ነው ያለው። ጫፉ ከስሩ ካለው እጢና ቱቦ ጋር ተያይዞ ከቀረ ብዙ ሴቶች ያጠባሉ፣ ግን ወተቱ ሊያንስ ይችላል፣ ጨምሮ በጡጦ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ጭራሽ የማይመጣላትም አለች፣ ማንም ሃኪም ዋስትና አይሰጥም። ጡት መጀመሪያም ለሁሉም እናት በቂ ወተት አይሰጥም፣ ይሄም ይታወቅ። ማጥባት ለሷ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ ልጅ የመውለድ ሃሳቧም ቅርብ ከሆነ ወልዳ አጥብታ፣ ጡት ካስጣለች በኋላ ጥቂት ወራት ቆይታ ብትደረገው ይሻላል። ግን 20 ዓመት የሞላት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያማት፣ ባልም እጮኛም የሌላት ልጅን ገና ለሚመጣ ልጅ ስትይ አስር ዓመት ታመሚ ማለት ግፍ ነው ብዬ ነው የማምነው። ልጅቷ ሁለቱንም አውቃ ራሷ ትወስን። ዕድሜን በተመለከተ ሃኪሞች የጡቱ እድገት እስኪቆም ነው የሚጠብቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ 18 አካባቢ፣ በጣም ፈጥኖ ለሚያድግባቸው ታዳጊዎች ግን ቀደም ብሎ የሚሰራበት ጊዜ አለ፣ የኋላ ኋላ ድጋሚ ሊያስፈልጋት እንደሚችል አውቃ።

ለዝግጅቱ ጊዜ፣ የምትወስጂውን ሁሉ ተናገሪ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን፣ የዓሳ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት ክኒን፣ ከአገር ቤት የተላከልሽ ዱቄትና ቅጠል ሳይቀር፣ ደም የሚያቀጥን ነገር ሊኖር ስለሚችል መቼ እንደምታቆሚ እነሱ ይንገሩሽ፣ በሃኪም የታዘዘልሽን ግን በራስሽ አታቁሚ። ጾም ላይ ከሆነ ቀጠሮሽ፣ ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ሽሮና ምስር ያለበት ጾም ጥሩ ነው፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል መድሃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ለታመመ ሰው ቤተክርስቲያናችን መላ አላት።

ከዛ ቤት ትገቢያለሽ፣ እዚ ጋ ነው የኛ ቤት ከፈረንጅ ቤት የሚለየው። ወዳጅ ዘመድ እንኳን እግዜር ማረሽ ብሎ ይመጣል፣ ያቅፍሻል፣ አንቺም ቡና ላፍላ ብለሽ ትነሺያለሽ። አይቻልም! ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር አይነሳም፣ ሕጻን አይታዘልም አይነሳም፣ ሊጥ አይቦካም፣ ከምጣድ ላይ እንጀራ አይወጣም፣ ከላይ መደርደሪያ እቃ አይወርድም፣ መሬት ተቀምጦ ልብስ አይታጠብም። ሰርግ ካለ እስክስታው ይቅር፣ ትከሻና ደረት ነው የሚያንቀጠቅጠው። ጠበል ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ መጠመቅም መነከርም የለም፣ መጠጣት ትችያለሽ። በጀርባሽ፣ ራስሽን በትራስ ከፍ አድርገሽ ትተኛለሽ። በጭንቅላት የሚገባ ልብስ አይሆንም፣ ፊት ለፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ቀድመሽ አዘጋጂ። ሕመሙ እኔ የፈራሁትን ያክል አልነበረም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፣ ከዛ በክኒን ይቻላል፣ ጠንካራውን የሕመም ክኒን እየወሰድሽ ግን መኪና አትንጂ። ቤት ውስጥ አንድ ሰው አብሮሽ ይሁን፣ ባል ካለ ባል፣ እህት ካለች እህት፣ የማህበር ሴቶች ተራ ገብተው ምግብ ቢያመጡ ከምንም በላይ ያግዛል።

ስራን በተመለከተ ቢሮ ተቀምጣ የምትሰራ አንድ ወይ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፣ እንደኔ ሰው የምታነሳ፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምትሸከም ግን 6 ሳምንት ገደማ ነው። እዚ አሜሪካ 50 ሰራተኛና ከዛ በላይ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት የሰራሽ፣ በዛ ዓመትም 1,250 ሰዓት የሞላሽ ከሆነ ለሕመም እስከ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወጥተሽ ስራሽን የማጣት ስጋት እንዳይኖርብሽ ሕጉ ይጠብቅሻል፣ ቀድመሽ ፎርሙን ሙዪ፣ ዶክተርሽ ይፈርምልሻል፣ አጭር ጊዜ ለሕመም የሚከፍል ኢንሹራንስ ከስራሽ ካለም ጠይቂ።

እነዚህን ካየሽ ግን እስከ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከጠጠረ፣ ትኩሳት ካለ፣ ጫፉ ከጠቆረ ወይ ሰማያዊ ከሆነ ወዲያው ደውዪ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ወይ አንድ እግርሽ አብጦ ካመመሽ ኤመርጀንሲ ነው፣ ስልክም አይጠበቅም።

መጀመሪያ ሰሞን ጡቱ ከፍ ያለ፣ ያበጠ፣ አራት ማዕዘን የመሰለ ነው፣ በወራት ውስጥ ነው ቅርጹ የሚመጣው፣ ስለዚ ውድ ጡት ማስያዣ ለመግዛት አትቸኩሉ። አንዳንዷ ደሞ ትንሽ ቀን ቆይታ ታለቅሳለች፣ ተጸጽታ አይደለም፣ ማደንዘዣውም ድካሙም ሰውነት መቀየሩም አንድ ላይ ነው፣ ቤተሰብ ይሄኔ እኛ ብለንሽ ነበር እንዳይላት አደራ። ፈጣሪ የሰጠሽን ቆረጥሽ የሚሉ ሰዎችም አሉ፣ እኔም ተብያለሁ። ዓይኑ የጠፋበት ሰው ሞራ ሲያስገፍፍ፣ ሐሞት ጠጠር ያለበት ሲያስወጣ እንደዛ የሚለው የለም፣ ለምን ጡት ላይ ሲሆን ብቻ ነው ሕመሟን ትተን ሃይማኖቷን የምንመረምረው? በፕላስቲክ ሰርጀሪ ከሚሰሩት ውስጥ ታካሚዎቹ በውጤቱ በጣም ከሚደሰቱባቸው አንዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሕመሙ ስለሚቀንስ። እኔ አሁን ፈረቃዬን ጨርሼ ስወጣ ትከሻዬ ትከሻ ነው።

የመጨረሻው ስለ ካንሰር ምርመራ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆናት ወይ በቤተሰቧ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ትነሳለች። የወጣው ስጋ ደሞ አይጣልም፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ስጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ ይላካል፣ ከመቶ አንድ በማይሞሉት ላይ ማንም ያላወቀው ካንሰር ይገኝበታል፣ ስለዚ ውጤቱ መጣ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ዝም ካሉ ደህና ነው ብለሽ አታስቢ። ጡት ተቀነሰ ማለት ከካንሰር ተጠበቅሽ ማለት አይደለም፣ የአሜሪካ መመሪያ በ2024 እንዳሻሻለው ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ይቀጥላል፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጀመሪያውን መቼ እንደምትነሺ ሃኪምሽ ይነግርሻል። ማሞግራም የምታነሳሽን ባለሙያ ጡቴን አስቀንሻለሁ ብለሽ ንገሪያት፣ ውስጥ ያለው ጠባሳ ፎቶው ላይ አጠራጣሪ መስሎ ሊታይ ስለሚችል የድሮው ፎቶሽ ጎን ለጎን መታየት አለበት። ስንት ግራም እንደወጣ የሚለውን ወረቀት፣ የፓቶሎጂውን ውጤትና የድሮ ማሞግራምሽን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጊና ስቴት ስትቀይሪም አገር ቤት ስትገቢም ይዘሽው ሂጂ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ